የማንም ያልሆነውን መቁጠር

«ቆጠረ» የምትለዋን ግስ እስቲ ልብ በሉልኝ። በአማርኛችን ውስጥ ያልገባችበት ጓዳ የለም። ፊደል የቆጠረ የተማረ ነው። ኮከብ የሚቆጥር ዕጣ ፈንታችንን አውቃለሁ ባይ ነው። ውለታ የሚቆጥር ወዳጅ ወዳጅነቱ ያጠራጥራል። ዘር መቁጠር ዱሮ ለጋብቻ ነበር፤ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ «አይገናኙም» ሲባል ሠርጉ ይደገሳል። ዛሬ ዘር ለምን ለምን እንደሚቆጠር እናንተም ታውቁታላችሁና አልገባበትም። ሰው ንቆን ሲያልፍ «ከቁጥርም አላስገባኝ» ብለን እናዝናለን። በየግድግዳችን የተሰቀለችው የመብራት ሳጥን እንኳ ስሟ «ቆጣሪ» ነው፤ የምትቆጥረውም የምታስከፍለውን ብቻ ነው።

ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የቃል ነገር ልማድ ሆኖብኝ እንጂ ዛሬስ ስለ ግስ ልጽፍ አልተነሳሁም። ይሁንና ይህችን ቃል ተከትላችሁ ብትሄዱ አንድ ነገር ታሳያችኋለች። ሰው የሚቆጥረው የራሱን፣ ወይም የራሱ እንዲሆን የሚመኘውን፣ ወይም የሚፈራውን ነው። ከብቱን፣ ብሩን፣ የምርጫ ድምፁን፣ ወታደሩን፣ ዕዳውን። የማንም ያልሆነውን ነገር ግን ማን ይቆጥረዋል? ቢቆጥረውስ ምን ሊሆነው?

የሚቆጥሩ አሉ። በየዓመቱ ጥር ወር ላይ፣ ከመቶ በሚበልጡ አገሮች፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች (ይኸው ግሷ መጣች!) ጎህ ሲቀድ ተነስተው ወደ ሐይቅ፣ ወደ ረግረግ፣ ወደ ባሕር ዳርቻ ይወጣሉ። አንገታቸው ላይ መነጽር፣ እጃቸው ላይ ቅጽና እርሳስ ይዘው የዱር ወፍ ሲቆጥሩ ይውላሉ። አብዛኞቹን የሚከፍላቸው የለም። ወፉን አያድኑትም፣ አይሸጡትም፣ ቤታቸው ወስደው አያረቡትም። ቆጥረው፣ ጽፈው፣ ቅጹን አስረክበው ይሄዳሉ። ዓለም አቀፉ የውሃ ወፎች ቆጠራ እንዲህ እየተባለ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ሲካሄድ ኖሯል። በአፍሪካም ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ይካሄዳል። በእኛም አገር የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ይህንኑ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች አሉ፤ ብዙዎቻችን ሰምተን አናውቅም እንጂ።

የክረምት ቆጠራ ይሉታል። ክረምት ሲባል ጭቃና ጎርፍ እንዳይመጣባችሁ፤ የእነሱ ክረምት የእኛ በጋ ነው። ወፎቹ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው፣ በረሃና ባሕር አቋርጠው እኛ ዘንድ ይመጣሉ። ከእኛው ተወላጆች ጋር ተደባልቀው፣ ማንም ፓስፖርት ሳይጠይቃቸው ብርዱ እስኪያልፍ ይሰነብታሉ። ጥር የተመረጠውም በምክንያት ነው። ያን ጊዜ መንገደኞቹ ጉዟቸውን ጨርሰው በየውሃው ዳር ተሰብስበው ይገኛሉ፤ ስለዚህ ዛሬ እዚህ የተቆጠረው ነገ ሌላ አገር ሄዶ ሁለተኛ የመቆጠሩ ነገር አነስተኛ ነው። ስንት አገር የሚያቋርጥ ፍጡር ብዛቱ የሚታወቀው ስንት አገር አብሮ ሲቆጥር ብቻ ነው።

የዚህ ልማድ አንዱ ምንጭ ግን አደን ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? በ19ኛው መቶ ዘመን አሜሪካ ውስጥ በገና ዕለት አንድ ጨዋታ ነበር። ወንዶቹ ሁለት ቡድን ሆነው ጠመንጃ ይዘው ይወጡና ያገኙትን ሁሉ፣ ላባ ያለውንም ጸጉር ያለውንም፣ ሲገድሉ ይውላሉ። ማታ ክምሩ የበዛለት ቡድን አሸናፊ ነው። ፍራንክ ቻፕማን የሚባል፣ በኒው ዮርክ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚሠራ የወፍ አጥኚ፣ እ.ኤ.አ. በ1900 በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ዘንድሮ በገና ዕለት ወጥተን እንቁጠር እንጂ አንግደል አለ። በዚያ ገና 27 ሰዎች በ25 ቦታ ወጡ፤ ከካናዳ እስከ ካሊፎርኒያ። ሁሉም ተደምሮ ወደ 90 ዝርያ አዩ። ቆጠራው ከዚያ ወዲህ ሁለት የዓለም ጦርነት አልፎበት እንኳ ሳይቋረጥ 125 ዓመት ሞልቶታል። ዛሬ ተሳታፊዎቹ በአሥር ሺዎች ናቸው።

ቻፕማን ሰዎቹን «ቤታችሁ ተቀመጡ» አላላቸውም። ውድድሩንም፣ ማልዶ መውጣቱንም፣ ማታ ተሰብስቦ «እኔ ይህን አየሁ፣ አንተስ?» መባባሉንም አልነካባቸውም። የለወጠው አንድ ነገር ነው። እርሳሱን በእርሳስ ለወጠው። (ይህች ከአማርኛ በቀር በብዙ ቋንቋ የማትሠራ ቀልድ ስለሆነች ይቅር በሉኝ።)

በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን፣ «መንገደኛዋ ርግብ» የምትባል ወፍ ነበረች። ብዛቷ በቢሊዮን ይገመት ነበር። መንጋዋ ሲያልፍ ፀሐይ ይጋርድ ነበር፤ ማለፉም ሰዓታት ይፈጅ ነበር። ሰው በጠመንጃም በወጥመድም በዱላም ፈጃት፤ በባቡር ጭኖ ከተማ ወስዶ ቸበቸባት። የመጨረሻዋ፣ ማርታ የሚል ስም የወጣላት፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1914 በሲንሲናቲ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ሞተች። ሰዎቹ ክፉ ስለነበሩ ብቻ አይመስለኝም። የማያልቅ ነገር አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ ነገር ደግሞ የማያልቅ ይመስላል። ይህ አዙሪት የርግቧ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት!

መቼም መቁጠር ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ገጠር ሄዳችሁ አንድን ባለከብት «ስንት ከብት አለዎት?» ብላችሁ ጠይቁት። «ኧረ እግዜር ይመስገን፣ አሉ» ይላችኋል። ቁጥሩን አይነግራችሁም። ልጆቹንም ጣቱን እየጠቆመ አይቆጥርላችሁም፤ መዓት መጥራት ይመስለዋል። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን አስቆጥሮ የመጣበትን መቅሠፍት ከቄሱ ሰምቷል። ከቄሱ ባይሰማ እንኳ ከግብር ሰብሳቢው ተምሯል። አያት ቅድመ አያቱ በረት ድረስ ቆጣሪ የመጣው ሊሰጥ ሳይሆን ሊወስድ ነበር። እና ገበሬው ሞኝ አይደለም። መቁጠር ሥልጣን መሆኑን ከእኛ ከተማሩት በፊት ገብቶታል።

ከተማም ቢሆን ያው ነው። የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. ከተደረገ በኋላ ቀጣዩ በ2010 ሊካሄድ ታስቦ ተራዘመ፤ ወደ 2011 ተሻግሮም እንደገና ተራዘመ። በየጊዜው የተሰጠው ምክንያት ተነግሯል፤ እኔ አሁን አልሟገትም። ግን አንድ ቁጥር እንደዚህ የሚያስፈራው ለምንድን ነው? በቁጥሩ ላይ በጀት ስላለ ነው፣ ወንበር ስላለ ነው፣ «እኛ እንበልጣለን» ስላለ ነው። የተቆጠረው ሁሉ ለቆጣሪው የሆነ ነገር ያመጣል ወይም ያስቀርበታል። እንዲህ ባለ ቆጠራ ላይ እውነት መናገር ከባድ ነው።

ወፍ ቆጠራ ላይ ደግሞ ፈተናው ሌላ ነው። የሚጠይቅህ የለም። ይህንን የተረዳሁት አንድ ዓመት ጥር ላይ፣ ዱሮ ያስተማርኩት ልጅ «መምህር፣ አንድ ቀን እንኳ ይምጡና ይዩን» ብሎኝ ዝዋይ የሄድኩ ጊዜ ነው። ልጁ አሁን እዚያው አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራል። ከእሱ ጋር አንድ የባንክ ገንዘብ ከፋይና አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ። ሦስቱም በፈቃዳቸው የመጡ ናቸው።

ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን የሚያስጠጉበት ቦታ ደረስን። አባ ኮዳዎች እንደ ጡረተኛ ዳኞች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የቆሙ መስለው የዓሣ ሆድ ዕቃ ይጠባበቃሉ። ፔሊካኖቹ ከጀልባ ጀልባ ይላሉ። ራቅ ብሎ ደግሞ ከሸምበቆው ባሻገር አንድ ጥቁር ነገር ውሃው ላይ ተነጥፏል። ዳክዬ ነው ተባልኩ። እኔ ዓይኔን አሽቼ «ይሄ ሁሉ እንዴት ይቆጠራል?» አልኩ። የባንኩ ልጅ አስረዳኝ። መጀመሪያ አሥሩን አንድ በአንድ ትቆጥራለህ። አሥሩ የያዙትን ቦታ በዓይንህ ትለካና ያንን ልክ እየደጋገምክ መቶ ታደርሳለህ። ቀጥሎ የመቶውን ልክ ይዘህ መንጋው ላይ ታራምደዋለህ። ሁለት ሰው ለየብቻ ይቆጥራል፤ ሳይጨርሱ አይነጋገሩም። ከዚያ ያወዳድራሉ። ልዩነቱ ከሰፋ ሁለቱም እንደገና ይጀምራሉ። ገና ሳይጨርሱ ጭልፊት ካለፈ ደግሞ መንጋው በሙሉ ይነሳል። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ከዜሮ ነው።

ሦስተኛ ጊዜ ሲጀምር አይቼው «ተወው እንግዲህ፣ ከመጀመሪያው ብዙም አይለይ ይሆናል» አልኩት። ሳቀ።

«ጋሼ፣ ባንክ ውስጥ ብር ቢጎድልብኝ ከደመወዜ ይቆረጣል። እዚህ ወፍ ቢጎድል ማንም አይጠይቀኝም። ግን እዚህ ነው የበለጠ የምጨነቀው።»

«ለምን?»

«ብሩ ሌላም ቆጣሪ አለው። ማታ ሒሳብ ይዘጋል፣ ኦዲተር አለ፣ ባለቤቱም አለ። እነዚህን ዛሬ ጠዋት እዚህ ቦታ ያየናቸው ግን እኛ ብቻ ነን። እኔ ሺህ ካልኩ ሺህ ናቸው፤ ሁለት ሺህ ካልኩ ሁለት ሺህ ሆነው ይቀራሉ።»

ስለ ሥነ ምግባር ብዙ መጽሐፍ ለተማሪ ሳስነብብ ኖሬያለሁ፤ ነገሩን እንዲህ ቁልጭ አድርጎ ያስቀመጠልኝ ግን ጥቂት ነው። ሰው ሊያጣራው በሚችለው ነገር እውነተኛ መሆን ጥንቃቄ ነው። ማንም በማያጣራው፣ ውሸቱም ማንንም ዛሬ በማይጎዳው ነገር እውነተኛ መሆን ምን ይባላል? በአማርኛ የሚቀርበው ቃል «እማኝ» ይመስለኛል። ሁለት ሰዎች ሲዋዋሉ እማኝ ይቀመጣል፣ አይቶ ሰምቶ ይፈርማል። ከሚሸጠው ቤት ድርሻ የለውም፣ ከሚከፈለው ብር ቤሳ አይደርሰውም። ዋጋው ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ጥቅም ያለው እማኝ እማኝ አይደለም።

ይህንን ስል የመሥሪያ ቤት ሪፖርቶቻችን ትዝ ይሉኛል። ዕቅዱ 103 በመቶ ተሳካ የሚል ሪፖርት ስንቶቻችሁ ሰምታችኋል? ሦስቷ ከየት መጣች ብሎ የሚጠይቅ የለም። የተተከለ ችግኝ በሰልፍና በሙዚቃ ይቆጠራል። ከአምስት ዓመት በኋላ ጸድቆ የቆመውን ለመቁጠር ግን በፀሐይ ኮረብታ ለኮረብታ መዞር ያስፈልጋል፤ እዚያ ካሜራም ቆብም ቲሸርትም የለም። ሁለቱም መቁጠር ነው። የመጀመሪያው ራስን ማስቆጠር ነው።

አሁን አንዳንዱ አንባቢ እየተቁነጠነጠ እንደሆነ ይሰማኛል። «ሰው ስንት ችግር ባለበት አገር ወፍ ይቆጠራል?» ይህን ጥያቄ ከአንድ ሁለት ወዳጆቼም ሰምቼዋለሁ፤ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም። የሚበላው ያጣ ሰው ፊት ቆሞ «ዘንድሮ ዳክዬዎቹ ቀንሰዋል» ማለት ነውር አለበት። ጥያቄውን አንስቶ መቁጠርን የሥራ ፈት ጨዋታ ያደረገውን ሰው አልፈርድበትም። ግን አቢጃታን እስቲ እንየው።

አቢጃታና ሻላ ጎን ለጎን የተኙ ሐይቆች ናቸው። ሻላ ጥልቅ ነው፤ ዓሣ ግን የለውም ማለት ይቻላል። አቢጃታ ጥልቀት የለውም፤ ዱሮ ግን ዓሣ ነበረው። ፔሊካኖቹ ብልህ ነበሩ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ቀበሮና ሰው በማይደርስበት በሻላ ደሴት ላይ ነው፤ ለቀለብ ደግሞ በየቀኑ ወደ አቢጃታ እየበረሩ ዓሣ ያመጣሉ። መኝታ ቤታቸው አንዱ ጋ፣ ማጀታቸው ሌላው ጋ ነበር እንበል። ከዚያ ምን ሆነ? አቢጃታ ዋና ውሃውን የሚያገኘው ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ነው። ወደ ዝዋይ የሚገቡት መቂና ቀታር ናቸው። በዚህ ሁሉ መስመር ላይ ውሃው ለመስኖ ተጠለፈ፣ ፓምፕ ገባ፣ እርሻ ሰፋ። በሐይቁ ዳር ደግሞ የሶዳ አሽ ማምረቻ ተተከለና የሐይቁን ውሃ ወደ ገንዳ እየሳበ በፀሐይ ያደርቅ ጀመር። አቢጃታ ከ1960ዎቹ ወዲህ ከግማሽ የሚበልጥ ስፋቱን አጣ። የቀረው ውሃ ጨውነቱ በረታ፣ ዓሣው አለቀ። ፔሊካኖቹ ማጀታቸው ባዶ ሲሆን የሻላውን ጎጆም እየተዉት ሄዱ።

ፍላሚንጎዎቹስ? እነሱ ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚያድገውን ደቃቅ ነገር አጣርተው የሚበሉ ናቸውና አልተቸገሩም። ሐይቁ ዳር የሚቆም ጎብኚ ሮዝ ምንጣፍ ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ «ወይ ውበት!» ብሎ ይሄዳል። «ወፍ ብዙ ነው» ቢል አልዋሸም። የትኛው ወፍ፣ ከስንት ስንት ሆነ የሚለውን የሚያውቀው ግን በየዓመቱ እየመጣ እያንዳንዱን በየስሙ ለየብቻ የጻፈው ሰው ብቻ ነው። የፔሊካኑ መስመር ሲቀንስ የቀነሰው ፔሊካን ብቻ አልነበረም። ዓሣው ነበር፤ ከዓሣው በፊት ውሃው ነበር። በዚያ ውሃ ከብቱን የሚያጠጣ ሰው ደግሞ አለ። ረሃብና ወፍ ሩቅ ለሩቅ አይደሉም።

የሐረማያም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ሲሰጥ የኖረ፣ በወፍ የታወቀ ሐይቅ ነበር፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደረቀ። አሳዛኙ ነገር እዚያ ዙሪያ ሁሉም ሰው ሒሳብ አዋቂ መሆኑ ነው። ባለፓምፑ የናፍጣውን ሊትር ይቆጥራል፣ ባለጫቱ ነዶውን ይቆጥራል፣ ነጋዴው ብሩን ይቆጥራል። እያንዳንዱ የራሱን በትክክል ቆጥሯል፤ አንድም ሌባ የለም። ሐይቁ ግን የማንም ስላልነበረ በማንም መዝገብ ላይ ሳይጎድል አለቀ። በቅርብ ዓመታት ውሃው መመለሱ ደስ ይላል። ወፎቹም ተመልሰው ታይተዋል።

ይሁንና ለወዳጆቼ ጥያቄ ይህ ብቻ መልስ ቢሆን አልወድም። ወፍን የምንቆጥረው ለሰው ስለሚጠቅም ነው ካልን፣ የማትጠቅመዋን ወፍ ከቁጥር ማስወጣታችን ነው። ዞረን ያው ወደ መብራቱ ቆጣሪ ተመለስን ማለት ነው። የዝዋዩ የባንክ ልጅ ሦስተኛ ጊዜ ሲቆጥር ስለ መጠጥ ውሃ ያስብ አልነበረም። እዚያ ያሉትን እዚያ እንዳሉ መመስከር ነበር የፈለገው። እኛስ «ሰው አልቆጠረኝም» ብለን የምናዝነው ጥቅም ስለቀረብን ብቻ ነው? አይደለም። መኖራችንን አለማየቱ ነው የሚያመን።

የቆጣሪዎቹ ድካም የት እንደሚደርስ ደግሞ ሳይታሰብ ይታያል። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ሰዎች በጥር መጨረሻ በየጓሯቸው ለአንድ ሰዓት ተቀምጠው ወፍ ይቆጥራሉ። ከሁሉ ተራ የሆነችው፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት ድንቢጥ፣ ከዓመት ዓመት ስትመናመን የተመዘገበው እንዲህ ባሉ ቅጾች ላይ ጭምር ነው፤ በ2002 እዚያው አገር አሳሳቢ ከሆኑት ወፎች ቀይ መዝገብ ውስጥ ገባች። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ2019 የወጣ አንድ ጥናት ከ1970 ወዲህ ወደ ሦስት ቢሊዮን የሚጠጋ ወፍ መጉደሉን አስልቷል። ስሌቱ የቆመባቸው አብዛኞቹ ቁጥሮች የበጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ የቻፕማን የገና ቆጣሪዎችም አሉባቸው። በየቦታው አንድ ሰው «ዘንድሮ ትንሽ አነሱ መሰለኝ» ከማለት ሌላ ምንም ማለት አይችልም ነበር። ተደምሮ ሲመጣ ግን «መሰለኝ» መሆኑ ቀረ።

ዓሣ አጥኚው ዳንኤል ፓውሊ በ1995 የጻፈው አንድ ሐሳብ አለ። እያንዳንዱ ትውልድ ሥራ ሲጀምር ያየውን እንደ ልክ ይወስዳል፣ ከዚያ የሚጎድለውን ብቻ ጉድለት ይላል፤ ልጁም የጎደለውን ተረክቦ ሙሉ ነው ብሎ ይጀምራል ይላል። ዝዋይ ጀልባው ላይ መረብ ሲጠግኑ የነበሩ አንድ አዛውንት «እናንተ ልጆች፣ ዛሬ ስንት ሆኑ?» ብለው ጠየቁን። ተማሪዋ ነገረቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። በአባታቸው ዘመን ወፉ ከመብዛቱ የተነሳ መረብ ሲወጣ ሰው ከሰው መደማመጥ አይችልም ነበር አሉ። ልጅቷ እርሳሷን ይዛ ቅጹን አየች፣ እኔን አየች። የት ይጻፍ? እውነት መሆኑን ማናችንም አልተጠራጠርንም። ግን በዚያ ዘመን እዚያ ቆሞ የቆጠረ አልነበረም። «ብዙ ነበር» የሚል ቅጽ ደግሞ የለም። አዛውንቱ ሲያልፉ ያ ሁሉ ወፍ አብሯቸው ያልፋል። ዛሬ ጠዋት የተጻፈው ቁጥር ለመጪዎቹ ሙሉ ሆኖ ሊታያቸው ነው። ይህም ሆኖ ካለመጻፍ ይሻላል፤ ቢያንስ ከዚህ በታች ሲወርድ የሚያውቅ ይኖራል።

በመመለሻችን ከመንገድ ዳር ያለች አንዲት ኩሬ ቀርታን ነበር። በዝርዝሩ ላይ አለች፣ ሌላ ዓመት ዳክዬና ሽመላ ተቆጥሮባታል። ስንደርስ መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ሁለት ልጆች መሐሉ ላይ የጨርቅ ኳስ ይጫወታሉ። ተማሪዋ ደክሟታል፤ «ምንም የለም እኮ፣ እንለፈው» አለች። የኔ የዱሮ ተማሪ መኪናውን አቆመና «አናልፈውም፣ ውረጂ፣ ዜሮ ጻፊ» አላት።

«ምንም ለሌለ ነገር?»

«ባዶ ከተውሽው ‹አልሄድንም› ማለት ነው። ዜሮ ከጻፍሽ ‹ሄድን፣ አየን፣ የለም› ማለት ነው።»

የተማሪ ውጤት ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝና ወዲያው ገባኝ። ያልተፈተነና ዜሮ ያገኘ ተማሪ መዝገብ ላይ አንድ አይደሉም፤ አንድ ናቸው ብሎ የሞላ መምህር የሰው ዕድል ያበላሻል። «አላየሁም»ን «የለም» ብሎ መጻፍ ውሸት ነው። ግን አይቶ «የለም» ብሎ መጻፍ የሚሰቀጥጠው ሰው ብዙ ነው፤ ባዶ ቦታ ትቶ ማለፍ ይቀለዋል። ብዙ ነገራችን የጠፋብን እንዲህ በባዶ ቦታ ይመስለኛል፤ አንድም ሰው ዜሮ ሳይጽፍበት።

ልጅቷ ወረደች። በመነጽሯ ዳር እስከ ዳር አየች፤ ከኳስ ተጫዋቾቹ ሌላ የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ከልጆቹ አንዱ መጥቶ «ምን ፈልጋችሁ ነው?» አላት። «ወፍ» አለችው። «ውሃ ሲኖር ይመጣሉ» አላት። ዝርያ ዝርያውን እያየች በየመስመሩ ዜሮ ጻፈች፤ አሥራ ሰባት መስመር ነበር። ሰዓት በሚለው ላይ 9፡40 አለች። የቆጣሪዎች ስም በሚለው ላይ የሦስቱን ጽፋ ወደኔ ዞረች፤ «እርስዎንም ላስገባዎት?» አለችኝ።